ሕዝባቸው ሲራብ የጾሙ ንጉሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾመ ነቢያት፣ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ የምንጾመው ጾም፣ ቅዱሳን ነቢያት የጌታችንን መምጣት በናፍቆት እንደጠበቁ የምናስብበት ነው። በጾሙ መካከል ታኅሣሥ 3 ቀን ደግሞ እመቤታችን ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበትን በዓታን እናከብራለን። በዚችው ዕለት በ1906 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ንጉሥ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። እኒህም ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ናቸው።

የአጤ ምኒልክ ስም ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን ዓድዋ ነው። ይገባልም። ዛሬ ግን በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምናነሣው ከዓድዋ በፊት የሆነውን ነው። ጠላት ጦር ይዞ ከመምጣቱ በፊት ረሃብ በየቤቱ የገባበት፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የጠሩት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን ንጉሡ ያደረጉት ነገር፣ እኛ በትንሿ አጥቢያችን እርስ በርስ እንዴት መኖር እንዳለብን ብዙ ያስተምረናል።

ልደትና ስደት

አጤ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በአንጎለላ ነው። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ከቤተ መንግሥቱ አገልጋዮች መካከል የነበሩ ሴት ናቸው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው።

በዚያን ጊዜ የሸዋ መናገሻ አንኮበር ነበረች። የእኛዋ አሊዩ አምባ ደግሞ ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ የሚገኝ የታወቀ ገበያ ነበረች። ከታጁራ ባሕር ዳር ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ነጋዴ ወደ ደጋው ከመውጣቱ በፊት እዚህ ያርፋል። አሞሌ ጨው በግመል ይመጣል፣ የደጋ እህል በአህያና በበቅሎ ይወርዳል። አፋሩ፣ አርጎባው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ገበያ ላይ ይውሉ ነበር። እውነቱን ካልደበቅን ደግሞ በዚሁ መንገድ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ እየተነዳ ይሸጥ ነበር። ያ ዘመን ደግነትም ግፍም የነበረበት ዘመን ነው።

በ1848 ዓ.ም. አጤ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። ንጉሥ ኃይለ መለኮትም በዚያው ሰሞን በሕመም ዐረፉ። የ11 ዓመቱ ልጅ ምኒልክ ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። አጤ ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው፣ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ቢሆንም ምርኮ ምርኮ ነውና በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ መንገድ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ሸዋ ለመድረስ በወሎ ማለፍ ግድ ነበር። የወሎዋ ገዢ ወይዘሮ ወርቂት እስላም ነበሩ። የገዛ ልጃቸውም በመቅደላ በአጤ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ወይዘሮ ወርቂት ስደተኛውን ልጅ አሳልፈው አልሰጡም፣ አጃቢ ጨምረው ወደ አገሩ ሸኙት። በምኒልክ ማምለጥ የተቆጡት አጤ ቴዎድሮስ የወርቂትን ልጅ ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት። እንግዲህ አጤ ምኒልክ ለአልጋ የበቁት የአንዲት እናት ሐዘን ተከፍሎባቸው ነው። ማንም ሰው ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ንጉሥም ቢሆን ሌላው ተሸክሞት ነው ቆሞ የሚታየው።

ከአንኮበር እስከ እንጦጦ

ምኒልክ አንኮበር ገብተው የሸዋ ንጉሥ ሆኑ። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከእቴጌ ጣይቱ ጋር በቁርባን ተጋቡ። ከዚያ በኋላ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ነበርና ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ያን ቀን እልል ተብሏል፣ ነጋሪት ተጎስሟል። አገሩ ግን እየተራበ ነበር።

ክፉ ቀን

ነገሩ የጀመረው በ1880 ዓ.ም. ነው። ጣልያኖች ምፅዋን ይዘው ስለነበር ለሠራዊታቸው ከሕንድ ከብት አስመጡ። ከከብቱ ጋር አገራችን የማታውቀው በሽታ አብሮ ገባ። ገበሬዎቻችን ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ ነው። በሽታው ከሰሜን ተነሥቶ እስከ ደቡብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተዛመተ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ዝናቡም ቀረ፣ አንበጣና ተምች የተረፈውን በላ። ገበሬው እርሻ አለው፣ በሬ የለውም። ዘር ቢኖረውም መሬቱን የሚያርስለት የለም። ረሃቡን ተከትሎ ፈንጣጣውና ኮሌራው መጣ። ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። (ይህ የከብት በሽታ ከምድር ላይ ፈጽሞ የጠፋው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው።)

በሬው ሲሞት ሌላም ነገር አብሮ ሞተ። ያኔ ጨዋ ነኝ የሚል ሰው በእጁ መሬት መቆፈርን እንደ ውርደት ያየው ነበር። በበሬ ማረስ ክብር ነው፣ በዶማ መቆፈር ግን የደሃ ሥራ ነው ይባል ነበር። ስለዚህ ሰው ከማሳው አጠገብ ተቀምጦ በረሃብ ይሞት ነበር። ከረሃቡ ይልቅ ይሉኝታው የገደለው ሰው ብዙ ነው።

ዶማ የያዘ ንጉሥ

አጤ ምኒልክ መጀመሪያ ያደረጉት ጎተራቸውን መክፈት ነው። ከየአገሩ ወደ እንጦጦ ለሚጎርፈው ረሃብተኛ ዳስ አስጥለው ምግብ አሰናዱለት። ነገር ግን ጎተራ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም። ሕዝቡ ራሱ ዘርቶ ካላጨደ መዳኛ እንደሌለ ስላወቁ ዶማና መጥረቢያ አሠርተው አከፋፈሉ።

ዶማ ማደል ብቻውን አልበቃም። ይሉኝታውስ በምን ይሰበራል? ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው ወረዱና መሬት ቆፈሩ። ንጉሡ ሲቆፍሩ መኳንንቱ ምን ይበሉ? እነርሱም ካባቸውን ጥለው ቆፈሩ። መኳንንቱ ሲቆፍሩ ደግሞ ገበሬው የሚያፍርበት ምክንያት አጣ። በአንድ ሰው ዝቅ ማለት የብዙዎች እፍረት ተነሣ።

ሦስተኛው ነገር ለዚህ ጾም ወራት በጣም ይስማማል። ሕዝቡ ከብቱ አልቆበት ሳለ አጤ ምኒልክ በገበታቸው ላይ የበሬ ሥጋ እንዲቀርብ አልፈቀዱም። ይህም በጾም ወራት ብቻ አይደለም፣ በፍስኩም ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ሥጋውን እንደተዉ ተጽፏል። ጮማ አጥተው አይደለም፣ የንጉሥ ማድ ከየትም ይሞላል። ሕዝባቸው ያጣውን ብቻቸውን መብላት ስለከበዳቸው ነው።

ልብ በሉ፣ ንጉሡ ሥጋ መተዋቸው ብቻ ለተራበው ምን ይጠቅመዋል? ጎተራ ሳይከፍቱና ዶማ ሳይዙ ሥጋ ብቻ ትተው ቢሆን ኖሮ ለራሳቸው ጽድቅ የተደረገ ነገር ይሆን ነበር። እሳቸው ግን ሦስቱንም አንድ ላይ አደረጉ። ካላቸው ሰጡ፣ በጉልበታቸው ሠሩ፣ ከአፋቸውም ከለከሉ። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 ያስተማረን ይህንኑ ነው። እግዚአብሔር የሚወደው ጾም አንገት መድፋት ብቻ ሳይሆን የተራበን ማብላት፣ ቤት የሌለውንም ማስጠጋት ነው።

እንዲህ ስንል አጤ ምኒልክ እንከን የለባቸውም ማለታችን አይደለም። በዘመናቸው በየአቅጣጫው በተደረገው ዘመቻ ብዙ ደም ፈሷል፣ ብዙ ቤት ፈርሷል። የባሪያ ንግድ ይቅር ብለው ቢያውጁም ንግዱ ቶሎ አልቀረም። ሰው ነበሩና ፍርዱን ለእግዚአብሔር እንተወዋለን። መልካሙን ግን እንማርበታለን።

አገሩ ቀስ በቀስ አገገመ። ከክፉ ቀን የተረፈው ያ ሕዝብ ነው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የቆመው።

ለቅሶ ያልተለቀሰላቸው ንጉሥ

አጤ ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው በጽኑ ሕመም ተያዙ። ለዓመታት አልጋ ላይ ውለው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የመንግሥት ነገር ነውና ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቀረ። ለንጉሥ የሚገባው ለቅሶ አልተለቀሰም። አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ብዙ ዓመት ቆየ። በኋላ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ የበዓታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ወደዚያ አፈለሱላቸው። በበዓታ ዕለት ያረፉት ንጉሥ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን አረፉ። ይህም የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

እስቲ እናስተያየው። በእኛ ሰፈር አንድ ምንም የሌለው ደሃ ሲሞት የዕድር ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ንጉሠ ነገሥቱ በጊዜው ያላገኙትን ክብር የእኛ ደሃ ያገኛል። ትንሽ ማኅበር እንዲህ ያለ ትልቅ ሀብት አለው። ችግሩ፣ ይህን ሀብት ሰው እስኪሞት ድረስ ቆልፈን ማስቀመጣችን ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

እኔም ዲያቆን ነኝ ብዬ የምጽፍላችሁ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ብቀር አይገባም። በአንድ ወቅት በማገለግልበት ትንሽ አጥቢያ አንዲት እናት ሰንበቴ መምጣት ተዉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። መጀመሪያ አመማቸው ብለን አለፍነው። ወር ሲሞላ ደግሞ ማኅበሩን ናቁ ያለም ሰው ነበር። እኔ ራሴ ዳቦና ጠበል ጸዲቁን ይዤ በደጃቸው ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ አንድ ቀን ግን ጎራ ብዬ እንዴት አደሩ እማማ አላልኩም።

በኋላ የሰንበቴው ሙሴ ሄደው ሲጠይቁ ነገሩ ተገለጠ። ተራቸው ደርሶ ነበር። ለጠላውም ለዳቦውም የሚሆን እህል በቤታቸው አልነበረም። ባዶ እጄን ከምቀርብ ብቀር ይሻላል ብለው ነው የቀሩት። ያ በክፉ ቀን ሰውን ከማሳው አጠገብ የገደለው ይሉኝታ እኛ ጋም ነበረ ማለት ነው።

ሙሴው አዋቂ ሰው ስለሆኑ ለእኚህ እናት መዋጮ ይዋጣ ብለው በጉባኤ አልተናገሩም። እንዲያ ቢያደርጉ እፍረቱ ይብስ ነበር። ያደረጉት ይህ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከራሳቸው ጀምረው፣ ከእንግዲህ ተረኛ ብቻውን አይደግስም፣ እያንዳንዱ ሰው በየሰንበቱ አንድ ጣሳ እህል ያመጣል፣ ተረኛው ጉልበቱን ብቻ ያወጣል ብለው ሥርዓቱን ለወጡት። ባለጠጋውም ደሃውም አንድ ጣሳ ሆነ። እኚያ እናት ተመልሰው መጡ። ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ቀድሞ የሚገኝ ሰው የለም። ንጉሡ ዶማ ይዘው እንደወረዱ፣ ሙሴውም ጣሳ ይዘው ወረዱ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ ጾም ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ከሰንበቴ፣ ከጽዋ ማኅበር ወይም ከቅዳሴ የቀረ ሰው ካለ በሳምንቱ ቤቱ ሄደን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ በጾም የተውነውን ምሳ እህሉን ወይም ዋጋውን ለይተን ለተቸገረ እናድርስ፣ ጦማችንን የቤት ቁጠባ አናድርገው። ሦስተኛ፣ ስንረዳ ሰውን ሳናሳፍር እንርዳ። ጎረቤታችን እስላም ቢሆንም ችግሩ ችግራችን ነው፣ የወይዘሮ ወርቂትን ውለታ አንርሳ።

የነቢያትን ጾም ጾመን፣ የተራበውን አብልተን፣ የጌታችንን ልደት በአንድነት ለማክበር አምላካችን ያብቃን። የአጤ ምኒልክን፣ በክፉ ቀን ያለቁትንም ወገኖቻችንን ሁሉ ነፍስ ይማርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።