መታዘዝ ከየት ይጀምራል? የወለተ ጴጥሮስ ሕይወት

የቀሐ ወንዝ ውሃ በየዓመቱ ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ ይሞላል። ጥር 11 ወጣቶች ሲዘሉበት በስልካችሁ የምታዩት ውሃ እሱ ነው። ወንዙ ጎንደርን አልፎ ወደ ጣና ይወርዳል። ጣና ላይ ሬማ የምትባል ደሴት አለች። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት እዚያች ደሴት ላይ ስለተቀበረች ሴት፣ ስለ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1592 ከባላባት ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕብያ ይባላሉ። ለአካለ መጠን ስትደርስ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አዛዥ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሀብቱም፣ አገልጋዩም፣ ክብሩም ነበራት። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት።

ብዙዎቻችን እዚህ ጋ ነው የምንሰናከለው። ጸልየን የለመንነው ካልሆነ ጾሙም ቅዳሴውም ትርጉም ያጣብናል። እምነታችንን ከመልሱ ጋር አስረነዋላ! ወለተ ጴጥሮስ ግን ከዚያ ሐዘን በኋላ የፈለገችው መመንኮስን ነው። ለእኔ የሕይወቷ ቁልፍ ይኼ ነው፦ እግዚአብሔርን ያመነችው ስለሰጣት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሲወሰድባትም መታመኗ አብሮ አልሄደም።

ያን ጊዜ የኢየሱሳውያን ሚስዮኖች ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰሚ ሆነው ነበር። ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብል አገሩ ተከፈለ። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከአማፅያኑ ጋር ሆነው በጦርነት ተገደሉ። ባሏ በንጉሡ ወገን ነበር። ይኼን ስትሰማ ከእሱ ጋር መኖር አልቻለችም፤ ምግብ እምቢ እያለች አስጨንቃው በመጨረሻ ለቀቃት። መነኮሰች። እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሌላ የባላባት ልጅ ጓደኛዋ ሆነች፤ እስከ ሞት አልተለያዩም።

በ1622 ንጉሡ ካቶሊክነቱን በይፋ አወጀ። ንጉሡን መስሎ ማደር ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ሹመቱም ርስቱም በእጁ ነው። እሷ ግን ከቦታ ቦታ እየዞረች ሰው የአባቶቹን እምነት እንዳይለቅ አስተማረች። ተይዛ ችሎት ፊት ቆመች። ገድሏ እንደሚተርከው ሞት ሊፈረድባት ነበር፤ ዘመዶቿ ያምፃሉ ተብሎ ተፈርቶ ቀረ። ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ራሱ ሊያሳምናት ሞከረ፤ አልሆነም። መጨረሻ ላይ በምዕራብ በኩል ወዳለው በረሃ፣ ወደ ዠበይ ተጋዘች። ሦስት ዓመት ኖረችበት።

አስቡት፤ ለባል መታዘዝ፣ ለንጉሥ መታዘዝ በዚያን ዘመን ለአንዲት ሴት የማይታለፍ ሕግ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ መታዘዝን የጠላች ሰው አልነበረችም። በኋላ በገዳሟ ያወጣችው ሥርዓት ጥብቅ ነበር፤ ምግቡ፣ ሥራው፣ ጸሎቱ በሕግ ነው። ለማን እንደምትታዘዝ የምታውቀው ግን አስቀድማ ለማን ራሷን እንዳስረከበች ስለምታውቅ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ እናደርገዋለን፤ ትእዛዙን ለመጠበቅ እንታገላለን፣ ያዘዘውን ግን አናምነውም። እንዲህ ያለው መታዘዝ ደግሞ ፈተና ሲመጣ አይቆይም።

ዠበይ ሊሰብራት የታሰበ ቦታ ነበር። የሆነው ሌላ ነው፤ እምነታቸውን ይዘው የሸሹ ሰዎች ወደ እሷ መጡና የመጀመሪያው ማኅበሯ እዚያ በረሃ ላይ ተመሠረተ። በዕድሜዋ ሰባት ማኅበራት አቋቁማለች። ወንዱም ሴቱም፣ ባላባቱም ድሃውም አንድ ላይ ይኖር ነበር።

በ1632 ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀድሞው እምነቱ እንዲመለስ ፈቀደ፣ ልጁ ፋሲል ነገሠ። ከአራት ዓመት በኋላም በአንገረብና በቀሐ መካከል ጎንደር ተቆረቆረች። ወለተ ጴጥሮስ ያን ካየች በኋላም ወደ ከተማ ኑሮ አልተመለሰችም። ማኅበሮቿን እያስተዳደረች ቆይታ በ1642፣ ኅዳር 17 ቀን፣ በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የሚያውቋትን ሰዎች እየጠየቀ ገድሏን ጻፈ።

ከእናንተ መካከል ዛሬ የጸለየበት ነገር ያልተመለሰለት ይኖራል። ሥራ፣ ጤና፣ ትዳር ሊሆን ይችላል። መልሱ መቼ እንደሚመጣ ልነግራችሁ አልችልም። ወለተ ጴጥሮስ ግን ሦስት ልጆቿን ቀብራ፣ አስከሬናቸው ላይ ቆማ መታመንን አልተወችም። የቀረው ሁሉ፣ ችሎቱም በረሃውም ገዳማቱም፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።