የክህነት ጥሪ እንዴት ይመረመራል፤ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ ካህን ልሁን ወይስ ልቅር የሚል ሐሳብ በልብህ ተነሥቶ እንደ ሆነ፥ ወይም በልጅህ ልብ ሲነሣ አይተህ እንደ ሆነ፥ ይህን አጭር የሕይወት ታሪክ በጥሞና አንብበው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መልካም ሐሳብ ሁሉ ጥሪ አይደለም። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ሰው በመንፈሳዊም ነገር ይገኛል። ደግሞም ተጠርቶ ሳለ ስለ ፍርሃት ወይም ስለ ኑሮ ዝም የሚል አለ። ሁለቱም ራሳቸውን ይጐዳሉ፤ ሕዝቡንም ይጐዳሉ። ጥሪን ከምኞት ለይቶ ማወቅ ለሚሻ ሰው የአባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ታላቅ ትምህርት ነው።

እኒህ አባት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1791 ዓ. ም. በጎጃም፥ በመርጡለ ማርያም አውራጃ፥ ዲቦ በምትባል ስፍራ ተወለዱ። ከዚህ በታች የምንጽፋቸውም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ፤ ይህ ግን ከትምህርት አላገዳቸውም። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በትጋት ተምረው፥ 25 ዓመት ያህል ሲሆናቸው በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ።

በምንኵስናቸውም ሳሉ አንድ ነገር ዕረፍት ነሣቸው። በመጽሐፍ የተጻፈው የመነኰሳት ሥርዓት በኑሮ ሲፈጸም አላዩም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ወይ ያማርራል፥ ወይ ቸል ይላል። እርሳቸው ግን ምክንያቱን ለመመርመር ተነሥተው፥ የምንኵስናን ሕግ ሙሉ መጽሐፍ እየፈለጉ ከገዳም ወደ ገዳም ዞሩ። በመጨረሻም ጎንደር ደረሱ፤ በዚያም ደቀ መዛሙርት ሰብስበው አስተማሩ። በዚያ ዘመን የጎንደር ሊቃውንት ስለ ጌታችን መቀባት በብርቱ ይከራከሩ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ግን ክብር ከሚገኝበት ወገን መጠጋትን ትተው፥ እውነት ከወዴት ናት እያሉ መጠየቅን መረጡ።

በ1841 ዓ. ም. የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብጽ ጳጳስ እንዲያመጡ መልእክተኞችን ወደ ካይሮ ላኩ። አባ ገብረ ሚካኤልም ከእነርሱ ጋር ሄዱ። በጉዞው ላይ በ1839 ዓ. ም. ወደ አገራችን የገቡት ኢጣልያዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን አባ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ አብረዋቸው ነበሩ፤ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ይላቸዋል። ከካይሮ በኋላ ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ ወደ ሮማ ሄደው ከር. ሊ. ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ተሳለሙ። አባ ገብረ ሚካኤልም በዚህ ሁሉ ስፍራ የአቡነ ያዕቆብን ትሕትና በዓይናቸው አዩ። ይሁን እንጂ ወዲያው አልወሰኑም። ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ መጻሕፍትን መርምረው፥ የጠየቁትን ደግመው ጠይቀው፥ በ1844 ዓ. ም. ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአጋሜ አውራጃ በጓላ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር የአገሩን ልጆች ለክህነት ያስተምሩ ጀመር። የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍና የግዕዝ መዝገበ ቃላትም በማዘጋጀት አገዙአቸው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። እኒህ የታወቁ ሊቅ፥ ሌሎችን ለክህነት እያስተማሩ፥ ራሳቸው ገና ካህን አልነበሩም። እንግዲህ ዕውቀት ብቻ፥ ዕድሜም ብቻ፥ ምንኵስናም ብቻ ጥሪ አይደለም።

አቡነ ያዕቆብ በ1849 ዓ. ም. በምጽዋ በአቡነ ማስያስ እጅ የጵጵስናን ማዕርግ ተቀበሉ። እርሳቸውም አባ ገብረ ሚካኤልን መርምረውና መርጠው በ1851 ዓ. ም. ጥር 1 ቀን ቅስና ሾሟቸው። አዲሱ ካህን ወደ 60 ዓመት ቀርበው ነበር። በዚያም ወራት የካቶሊካውያን ካህን መሆን ስደትን ያመጣ ነበር እንጂ ርስትና ሹመት አያስገኝም። እንዲህ ያለውን ነገር ዐውቆ የሚቀበል ሰው ለጥቅሙ እንዳልተቀበለው ግልጥ ነው።

ዋጋውም ሳይዘገይ ተጠየቀ። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ከአቡነ ሰላማ ጋር በሃይማኖት ጉዳይ ተስማምተው ነበርና፥ በ1854 ዓ. ም. አባ ገብረ ሚካኤል በጎንደር ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተያዙ። ሃይማኖታቸውን እንዲተዉ ተገረፉ፥ በግንድም ታሰሩ፤ አልተዉም። በ1855 ዓ. ም. ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በሰንሰለት ታስረው ከዘማቹ ሠራዊት ጋር ሲጓዙ፥ በዚያው ዓመት ክረምት በመንገድ ላይ ዐረፉ። የላዛሪስት ማኅበር ተቀብሏቸው ሳለ የተመክሮ ጊዜያቸውን ሳይጀምሩ ስለ ታሰሩ፥ ማኅበሩ ከልጆቹ እንደ አንዱ ይቈጥራቸዋል። በ1926 ዓ. ም. ር. ሊ. ጳ. ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናቸውን አወጁ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ሦስት መመርመሪያ እናገኛለን። መጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ምኞት ይቸኵላል፥ ጥሪ ግን ሲመረመር አይጠፋም። ሁለተኛው የፈቃድ ነጻነት ነው። ሥራ ስላጣ፥ እናቱ ስለ ተሳለች፥ ወይም ሰው እንዲያከብረው ሲል የሚሄድ ሰው ጥሪውን ገና አላወቀም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ማንንም ወደ ክህነት በግድ ማግባትን ይከለክላል፤ የተገባውንም ሰው ከክህነት ማስቀረትን እንዲሁ ይከለክላል። ልጄ ይጦረኛል ብለህ መንገዱን የምትዘጋ አባት ሆይ፥ ይህን አስተውል። ሦስተኛውም የሌላ ሰው ፍርድ ነው። ትንሹ ሳሙኤል ድምፁን የሰማው ራሱ ቢሆን፥ የማን ድምፅ እንደ ሆነ የተረዳው በዔሊ ምክር ነው። የመጨረሻውን ጥሪ የሚጠራው ጳጳሱ እንጂ የገዛ ልባችን አይደለም።

ስለዚህ አንተ በአቃቂ ወይም በቃሊቲ በፋብሪካ የምትሠራ፥ ወይም በትምህርት ቤት የምትማር ወጣት፥ ይህ ሐሳብ ቢመላለስብህ ሥራህንና ትምህርትህን በችኰላ አትተው፤ ነገር ግን ሐሳቡን በልብህ አትቅበረው። በጸሎት ጠብቀው፤ ለንስሐ አባትህም ሳትደብቅ ግለጥላቸው። ዘርአ ክህነት ብትገባ የፍልስፍናና የነገረ መለኮት ትምህርት ከ6 ዓመት አያንስም፤ ያም ዘመን አንተ ቤተ ክርስቲያንን፥ ቤተ ክርስቲያንም አንተን የምትመረምርበት ነው። ተመርምሮ የተመለሰ ሰው አላፈረም፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በሌላ መንገድ ሊፈጽም ዐውቆ ተመልሷልና። የሚያሳፍረው ሳይመረምሩ መግባት፥ ወይም ሰምቶ እንዳልሰሙ መሆን ነው። አባ ገብረ ሚካኤል እስከ ሽምግልና ፈለጉ፤ ባገኙትም ጊዜ ነፍሳቸውን አልሰሰቱም።