ያላየውን ኮከብ ያገኘው ቤሰል

ፍሪድሪክ ቪልሄልም ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1784 በፕሩሲያ ግዛት ሚንደን በተባለች ከተማ ተወለደ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። ላቲን አልሆንልህ ስላለው ገና በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ተወና ብሬመን ውስጥ በአንድ ነጋዴ ቤት ያለ ደመወዝ ሥራ ይለማመድ ጀመር። ቀን የነጋዴውን ሒሳብ ይጽፋል፤ ማታ ማታ የመርከብ ጉዞ ነገር ስቦት ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ በኋላም የከዋክብትን ትምህርት ብቻውን ያጠናል። በ1804 በ1607 የታየችውን የሃሌይን ጅራታም ኮከብ መንገድ ከቆዩ መዝገቦች አስልቶ ለሐኪሙና ለከዋክብት ተመራማሪው ኦልበርስ አሳየው። ኦልበርስም ጽሑፉን አሳተመለት። በዚህ የተነሣ ንግዱ ቀርቶ ሰማይ ሥራው ሆነ።

በኮኒግስበርግ የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊና ፕሮፌሰር እንዲሆን ሲጠራ፣ ያለ ዶክተርነት ማዕረግ አይሆንም ተባለ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የማያውቅ ሰው ከየት ያምጣው? ጋውስ አማልዶት የጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ማዕረጉን ሰጠው። በ1838 የአንድን ኮከብ ርቀት ለክቶ በማሳወቅ ስሙ ገነነ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የሲሪየስ ነገር ነው። ሲሪየስ በሌሊቱ ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ የደመቀው ነው፤ በየካቲት ማታ ቀና ያለ ሁሉ ያየዋል። ቤሰል ከ1755 ጀምሮ የተመዘገበውን የኮከቡን ቦታ ዓመት በዓመት ሲያስተያይ፣ ቀጥ ብሎ መጓዝ የነበረበት ሲሪየስ ወዲህና ወዲያ ይወላገዳል። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሌላው ሰው የመሣሪያ ስሕተት ነው ብሎ ባለፈው ነበር። እስቲ አስቡት፦ በጨለማ ነጭ ኩታ የለበሰ ሰው እየተወላገደ ሲሄድ ብናይ፣ ጥቁር የለበሰ ሌላ ሰው ክንዱን ይዞ እየጎተተው ይሆናል እንላለን። ቤሰልም በ1844 ሲሪየስ የማይታይ ጓደኛ አለው፣ ሁለቱም በግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይዞራሉ ብሎ አሳወቀ። ብርሃን ስለሌለው ክብደት የለውም አይባልም ባይ ነበር። በመጋቢት 1846 ሲሞት ጓደኛውን ያየ ሰው አልነበረም።

በጥር 1862 አሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ 47 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አዲስ የቴሌስኮፕ ሌንስ ሲፈትን፣ ከሲሪየስ አጠገብ ደብዘዝ ያለች ነጥብ አየ። የቤሰል ኮከብ ነበረች።

ዛሬ እንደሚታወቀው ጥንዶቹ ከኛ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃሉ፤ የሚዞሩትም በ50 ዓመት ነው። ትልቁ የፀሐይን ሁለት እጥፍ ይከብዳል፤ ብርሃኑም 25 እጥፍ ነው። ትንሹ እኮ ጭራሽ ጉድ ነው! ክብደቱ የፀሐይን ያህል ሆኖ ስፋቱ ከመሬታችን እንኳ ጥቂት ያንሳል። ነጭ ድንክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ነዳጁን ጨርሶ የተጨመቀ የኮከብ እምብርት ማለት ነው። ሙቀቱ ወደ 25,000 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከእሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢዘገን እዚህ ምድር ላይ ከ100 ኩንታል በላይ ይመዝናል።