ስቲቨን ክሬን፤ ጦርነት ሳያይ ጦርነትን የጻፈው ወጣት

በመካከላችን መጻፍ የሚሻ ሁሉ አንድ ማመካኛ አያጣም፤ ገና ምን አይተን ነው የምንጽፈው እንላለን። የአሜሪካዊውን ደራሲ የስቲቨን ክሬንን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የወደድነው በዚሁ ነገር ስለ ተከራከርን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ክሬን በ1871 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት በኒውዋርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሜቶዲስት ቄስ ነበሩ፤ እሱም ለወላጆቹ ዐሥራ አራተኛ ልጅ ነው። ስለ ትምህርቱ ብዙ የሚያስመካ ነገር የለንም። መጀመሪያ የማዕድን ምሕንድስና ጀመረና ተወው፤ ቀጥሎ በ1891 ዓ.ም. ወደ ሲራክዩዝ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከጥቂት ወራት በላይ አልቆየም። ከመማሪያው ክፍል ይልቅ የቤዝቦል ሜዳ ይስበው ነበር። (ይህን አንቀጽ ወላጆቻችን ባያነቡት ይሻላል።)

በዚያ ዘመን ዊልያም ዲን ሀወልስና ሃምሊን ጋርላንድ ሪያሊዝም ለሚባለው አጻጻፍ ይሟገቱ ነበር። ደራሲ ያማረ ተረት መፍጠሩን ትቶ ተራው ሰው እንዴት እንደሚናገር፣ እንደሚሠራና እንደሚቸገር ያሳይ ባዮች ናቸው። ክሬን ጋርላንድ ስለ ሀወልስ ያደረገውን ንግግር ሰምቶ ለጋዜጣ ጽፏል፤ ትውውቃቸውም ከዚያ ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ የኒው ዮርክን የድኾች ሰፈር መኖሪያው አደረገው። በ1893 ዓ.ም. ማጊ የተባለች የድኻ ልጅ እንዴት እንደ ጠፋች የሚናገር ልብ ወለድ ጻፈ። አሳታሚ እምቢ ስላለው በገዛ ገንዘቡ፣ በሐሰት ስም አሳተመው፤ የገዛው ሰው ግን ከቁጥር አይገባም። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ቡትቶ ለብሶ በጥቂት ሳንቲም ከሚታደርበት ቤት ከለማኞች ጋር አድሮ ያየውን ጻፈ። እስከዚህ ድረስ ሰውዬው የሚጽፈው ያየውን ነው።

ክርክራችንን ያመጣው ቀጥሎ የጻፈው ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው በ1865 ዓ.ም.፣ እሱ ሳይወለድ ነው። ክሬን የዘማቾችን ትዝታ ከመጽሔት ላይ እያነበበ፣ ያደረጉትን እንጂ የተሰማቸውን አይናገሩም ብሎ ይማረር ነበር ይባላል። ስለዚህ የጎደለውን ራሱ ሞላው። በ1895 ዓ.ም. መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ቀዩ የጀግንነት ምልክት የጄኔራሎች ታሪክ ሳይሆን ፈርቶ የሸሸ የአንድ ጀማሪ ወታደር ልብ ነው። አብሮኝ ተዋግቷል ያለ አሮጌ ወታደርም አልጠፋም ይባላል።

እኛ ብንሆን በዚህ ዝና ረክተን በተቀመጥን ነበር። ክሬን ግን የጻፈው እውነት መሆኑን ለማወቅ የቸኮለ ይመስላል። በ1896 ዓ.ም. መጨረሻ ለኩባ ዐማፅያን መሣሪያ በጫነች መርከብ ከፍሎሪዳ ተነሣ። መርከቧ ሰጠመች፤ እሱና ሌሎች ሦስት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ቀንና ሌሊት ከማዕበል ጋር ሲታገሉ ቆዩ። የመርከቧ የሞተር ሠራተኛ የነበረው፣ ከሁሉም ብርቱው፣ ዳርቻው ላይ ሞተ። ከዚህ የወጣው ክፍቷ ጀልባ የተባለው አጭር ታሪክ በእኛ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ማጊ ላይ ያለው የቃላት ጋጋታ እዚህ የለም።

በ1897 ዓ.ም. የግሪክንና የቱርክን ጦርነት፣ በ1898 ዓ.ም. ደግሞ የኩባውን ለጋዜጦች ዘገበ። ግሪክ አገር መድፉን ሰምቶ መጽሐፉ ልክ እንደ ነበረ ለጓደኞቹ ነገራቸው ይባላል። እንግዲህ ከመካከላችን ግማሾቹ፣ እንዲህ ከሆነ መሄዱ ምን ጠቀመው ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ባይሄድ ኖሮ ጀልባዋ ባልተጻፈች ነበር ብለው ይመልሳሉ።

ጤናው ግን አልቆ ነበር። በእንግሊዝ አገር ከወዳጁ ከጆሴፍ ኮንራድ ብዙ ሳይርቅ ተቀምጦ፣ ዕዳውን ለመክፈል ሳንባ ነቀርሳ እየበላው ሌት ተቀን ይጽፍ ነበር። በሰኔ 5 ቀን 1900 ዓ.ም. በጀርመን አገር በባደንቫይለር ከተማ በ28 ዓመቱ ሞተ፤ አስከሬኑም ወደ ኒው ጀርሲ ተወስዶ ተቀበረ።