የቀለምን መርዝ ቤት ለቤት ያሳደደችው ሐኪም

እርሳስ ሲባል የምንጽፍበት እንዳይመስላችሁ። የምናወራው ሊድ ስለሚባለው ከባድ ብረት ነው። ቀለሙ እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅና ዝገት እንዲከላከል ተብሎ ለብዙ ዘመን ቀለም ውስጥ ሲጨመር ኖሯል። ጉዳቱን በማስረጃ አደባባይ ካወጡት ሰዎች አንዷ ዶ/ር አሊስ ሃሚልተን ናት።

አሊስ እ.ኤ.አ. በ1869 ኒውዮርክ ተወልዳ ኢንዲያና ውስጥ ፎርት ዌይን አደገች። በ1893 ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀች። በ1897 ቺካጎ ሄዳ ሃል ሃውስ በተባለው፣ ድሃ ስደተኞችን በሚረዳው ማዕከል መኖር ጀመረች። ጎረቤቶቿ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሥራቸው እንዴት እንደሚያሳምማቸው ያየችው እዚያ ነው።

በ1910 የኢሊኖይ ግዛት ሥራ ስለሚያመጣቸው በሽታዎች የሚደረገውን ጥናት እንድትመራ አደረጋት። ሠራተኞቹ እንባረራለን ብለው ፋብሪካ ውስጥ አፋቸውን አይከፍቱም። እሷም ቤታቸው ድረስ ሄደች። ሚስቶቻቸውን ጠየቀች፣ የሆስፒታል መዝገብ አገላበጠች፣ መድኃኒት ሻጮችንና ቄሶችን አናገረች። እርሳስ ያለባቸው ከ70 በላይ የሥራ ሂደቶች አገኘች። አሠሪዎች ሠራተኛው እጁን ስለማይታጠብ ነው ይሉ ነበር። እሷ ግን ዋናው ጠንቅ በትንፋሽ የሚገባው አቧራና ጭስ መሆኑን አሳየች። ግዛቱ በ1911 ሠራተኛን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ።

የአንድ ትልቅ የቀለም እርሳስ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ኮርኒሽ መጀመሪያ አላመናትም። 22 የተመረዙ ሠራተኞችን በማስረጃ ስታቀርብለት ግን አቧራውን የሚቀንስ ማሻሻያ አደረገ፤ ሐኪምም ቀጠረ።

በ1919 በሃርቫርድ ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሆኖም በምረቃ ሰልፍ ላይ እንዳትገኝ ተከለከለች። በ1925 ደግሞ እርሳስ ቤንዚን ውስጥ መጨመሩን ተቃወመች። በዚያ ጊዜ የሰማት አልነበረም።

አሊስ መስከረም 1970 (እ.ኤ.አ.) በ101 ዓመቷ አረፈች። አራት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 1971 ላይ፣ የአሜሪካ መንግሥት በሚያስተዳድራቸውና በሚደጉማቸው ቤቶች ያለውን የእርሳስ ቀለም የሚመለከት ሕግ ጸደቀ። ለቤት የሚሆን የእርሳስ ቀለም የታገደው በ1978 ነው።

የእኛስ? የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ተወስኗል። ደንቡ ግን ድሮ የተቀባውን ግድግዳ አይፍቀውም። ልጆች የረገፈ ቀለም አፋቸው ይከታሉ፤ አቧራው እጃቸው ላይ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ ወረታ ከተማም ሁኑ ቁሐር ሚካኤል፣ የድሮ የብረት በር ወይ መስኮት ስታድሱ ቀለሙን በደረቁ አትፋቁት። አርጥባችሁ ፋቁ፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን አርቁ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አዲስ ቀለም ስትገዙ እርሳስ እንዳለበት ጠይቁ። የቀበሌ ወይም የመንግሥት ቤት ተከራይ ከሆናችሁም ቀለሙ ተመርምሮ እንደሆነ አስተዳዳሪውን ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ትንሽ ልጅ ላለው ሰው ሼር አድርጉለት።