ሄንሪ ፊልዲንግ፤ ላልተወለደው ሕፃን የተከራከረው ዳኛ

ሥነ ጽሑፍ የሚወዱ ተማሪዎች ሄንሪ ፊልዲንግን የሚያውቁት «ቶም ጆንስ» በተባለው ልብ ወለድ መጽሐፉ ነው። ይህ ደራሲ ዳኛም እንደ ነበረ፤ ገና ላልተወለዱ ሕፃናትም እንደ ተከራከረ የሚያስታውሱ ግን ብዙ አይደሉም። ስለዚህ ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፊልዲንግ በ1707 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሱመርሴት በተባለው አውራጃ ተወለደ። ኢተን በተባለው ዝነኛ ትምህርት ቤትና በሆላንድ አገር በላይደን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ወደ ሎንዶን ተመለሰና ቲያትር እየጻፈ ይተዳደር ጀመር። በቲያትሮቹ ባለሥልጣኖችን ይነቅፍ ስለ ነበር በ1737 ዓ.ም. ቲያትርን የሚቈጣጠር ሕግ ሲወጣ እንጀራው ተቋረጠ። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በ30 ዓመቱ ሕግ መማር ጀምሮ በ1740 ዓ.ም. ጠበቃ ሆነ፤ በ1748 ዓ.ም. ደግሞ በዌስትሚንስተር ዳኝነት ተሾመ።

ቦው ስትሪት በተባለው መንገድ በነበረው ችሎቱ ሌባውና ሰካራሙ ይቀርብለት ነበር። በዚያን ዘመን ጂን የተባለው አረቄ ከመርከሱ የተነሣ የሎንዶን ድኻ ወንዱም ሴቱም ይጠጣው ነበር። የሐኪሞች ኮሌጅ በ1726 ዓ.ም. አረቄው ሕፃናትን ደካማና በሽተኛ እንደሚያደርግ ለፓርላማ አመልክቶ ነበር። ፊልዲንግም በ1751 ዓ.ም. ስለ ወንበዴዎች መብዛት በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር አንሥቶ፤ በማሕፀን ሳለ አረቄ የሚመገብ ሕፃን ወደ ፊት ምን እንደሚሆን አንባቢዎቹን ጠየቀ። በዚያው ዓመት ፓርላማ የአረቄ ሽያጭን የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ። ዳኛው ግን በሪህና በሌላም ሕመም ተዳክሞ ስለ ነበር፤ ጤና ፍለጋ ወደ ሊዝቦን ሄዶ በ1754 ዓ.ም. በ47 ዓመቱ በዚያው ሞተ።

ጥያቄው ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በቂ መልስ ሳያገኝ ቈየ። በ1968 ዓ.ም. ፖል ሌሟን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ከጠጪ ወላጆች የተወለዱ 127 ሕፃናትን ሁኔታ ጻፈ፤ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ለበሽታው ስም ሰጡት። እናቲቱ የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ የፅንሱ ጉበት ደግሞ ሊያስወግደው ገና አቅም የለውም። ልብ፣ አንጐልና ፊት መሠራት የሚጀምሩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙ ሴቶች መፀነሳቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው። የአንጐል ጉዳት በኋላ በትምህርትና በጠባይ ላይ ይታያል፤ ፈውስም የለውም።

ፊልዲንግ አንድ ነገር ሳተ እንላለን። የድኻውን አረቄ ከሰሰ እንጂ የባለጠጋውን ወይን ጠጅ አልከሰሰም። ለፅንሱ ግን አረቄውም፣ ጠጁም፣ ጠላውም፣ ቢራውም፣ ውስኪውም ያው አልኮል ነው፤ አይጐዳም ተብሎ የተረጋገጠ መጠንም የለም። እርግዝናዋን ሳታውቅ የጠጣች ሴት ባወቀች ጊዜ ብታቆምና ለሐኪም ብትነግር ትልቅ ጥቅም አለው።

እኛ ወጣቶችስ ምን እናድርግ? በየግብዣው አዲስ ሙሽራ «በሞቴ» እያልን ብርሌ ማስጨበጥን እንደ አክብሮት እንቈጥረዋለን። አልጠጣም ያለችውን ምክንያቷን ሳንጠይቅ መተው ከዚህ የበለጠ አክብሮት ነው። ዳኛው የተከራከረለት ሕፃን ዛሬም ስለ ራሱ መናገር አይችልምና።