ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ሁለት ጊዜ ተማሪ የኾነው ሯጭ

ራቤልን በመሰለች የደጋ ከተማ የሚኖር ሰው ሩጫ የተፈጥሮ ስጦታ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። በግሼና በመንዝ ከፍታዎች ላይ ልጅ በጎቹን ለመመለስ ይሮጣል፤ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድበት ይሮጣል፤ በገና ሰሞን ደግሞ ሩሩን እየተከተለ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል። ስለዚህ የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም በተነሳ ቁጥር ወሬው ከባዶ እግሩ ይጀምርና እዚያው ባዶ እግሩ ላይ ያበቃል። የሸዋ ደጋ ወለደው፣ ብርዱ አጠነከረው፣ ሮም ሄደና አሸነፈ ይባላል። ይህ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የአሠልጣኝ፣ የሰዓት ልኬት እና የልምምድ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ወጣቶች በዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ክፍል ገብተው የሚማሩት ሙያ ማለት ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሸዋ ደጋ ጃቶ በምትባል መንደር ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ልጅነቱ ከጣሊያን ወረራ ጋር የተገጣጠመ በመኾኑ ቤተሰቡ በጦርነቱ ዓመታት ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበር። ሰላም ሲመለስ እሱም እንደ እኩዮቹ ከብት ጠበቀ፣ ገናም ተጫወተ። የዚያን ጨዋታ ሜዳ የሚያውቅ ሰው ለምን ይህን እንደምናነሳ ይገባዋል፤ በሁለቱ ግቦች መካከል ኪሎ ሜትሮች የሚኖሩበት ጊዜ አለና። አሠልጣኝ የሌለው የረጅም ርቀት ልምምድ ቢባል ማጋነን አይኾንም።

ወደ ሃያ ዓመቱ ገደማ አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ 5ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር ይነገራል። ጉልበቱ ያኔም ነበረ። ይኹንና ያ ጉልበት ለዓመታት ማንም ሳያውቀው ቆይቷል። ስሙ በስፖርቱ ዓለም ጎልቶ መሰማት የጀመረው በ24 ዓመቱ፣ በጦር ኃይሎች የሩጫ ሻምፒዮና ከዋሚ ቢራቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ወደ ታሪኩ ይገባል። ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ትውልዱ ከፊንላንድ የኾነ ስዊድናዊ ሲኾን፣ እ.ኤ.አ በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በዚያ ዘመን መንግሥት ሠራዊቱንና ትምህርት ቤቶቹን መልሶ ለማቋቋም ከስዊድን ብዙ ባለሙያዎችን ያስመጣ ነበር። ለአካል ማጎልመሻ ሥራ ስዊድናዊ መምረጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። በስቶክሆልም የጂምናስቲክ መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋም የተከፈተው እ.ኤ.አ በ1813 ነው። በ1930ዎቹም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ጎስታ ሆልመር በአንድ ልምምድ ውስጥ ፍጥነትን አንዴ እየጨመሩ አንዴ እየቀነሱ በጫካና በኮረብታ የሚሮጡበትን ዘዴ አስተዋውቆ ነበር። ዛሬ አትሌቶቻችን ፋርትሌክ የሚሉት እሱን ነው።

እንግዲህ ኒስካነን ያገኘው አስደናቂ ጥሬ ዕቃ ነበር። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለኾነ የደጋ ሰው አካል ከዚያ ጋር ይላመዳል፤ ይህን ጥቅም ማንም አሠልጣኝ በትምህርት ሊሰጥ አይችልም። ነገር ግን ከፍታው ሯጩ በየትኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጉልበቱን መቆጠብ፣ በየትኛው ላይ ማውጣት እንዳለበት አያስተምርም። እኩል እርምጃ መጠበቅ፣ አጭር ርቀት ደጋግሞ በፍጥነት ሮጦ በመሃሉ ማረፍ፣ ከውድድር በፊት መንገዱን ማጥናት፤ እነዚህ ሁሉ ክህሎቶች ናቸው፤ ክህሎት ደግሞ ከመምህር ይቀሰማል። በነሐሴ 1952 ዓ.ም አበበ በአዲስ አበባ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ በዚያ ከፍታ ላይ የተመዘገበ ሰዓት፣ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይሻል ነበር። ዓለም ገና አልሰማም እንጂ ሰዓቱን የያዘው ሰው ከወር በኋላ ሮም ላይ ምን ሊኾን እንደሚችል ያውቃል።

ሮም ላይ የኾነው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም ነው። ኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ነበረች። የባዶ እግሩ ነገርም እንደሚነገረው ተአምር አልነበረም። አዲስ የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም፤ ባዶ እግሩን መሮጥን ግን ለምዶታል፤ ስለዚህ በሚያውቀው መንገድ ሄደ። ከውድድሩ በፊት የመሮጫው መንገድ ተጠንቷል። ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት ሐውልት አጠገብ ያልፋል። የማምለጫው ቦታ እዚያ አካባቢ እንዲኾን ተመረጠ። በትምህርት ቤት ስለ ታክቲክ የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ዕቅዱ ግን አንድ ስንጥቅ ነበረው። ተፎካካሪ ይኾናል የተባለው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም በ26 ቁጥር ይሮጣል ተብሎ ለአበበ ተነግሮት ነበር፤ ራዲ ግን የለበሰው 185 ነበር። አበበ 26 ቁጥርን ወደፊት እየፈለገ ሲገሰግስ፣ የሚፈልገው ሰው አጠገቡ ይሮጥ ነበር። ሌላ ሯጭ ቢኾን ይደናገጥ ነበር። እሱ በተማረው እርምጃ ቀጠለ፤ በመጨረሻም ጥሎት ሄደ። በችቦ በደመቀው ምሽት በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከ2 ነበር፤ ያኔ የነበረውን የዓለም ምርጥ ሰዓት ያሻሻለው አንድ ሰከንድ እንኳን በማይሞላ ልዩነት ነው። ራዲን የቀደመው በ25 ሰከንድ ገደማ ሲኾን፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ 7ኛ ወጣ።

በዚያው በሮም፣ ከ8 ቀን በኋላ፣ ሌላ ውድድር ተከፈተ። የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ኾነው የተወዳደሩበት ሲኾን፣ ኋላ ላይ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ተቆጠረ። ይህን ለጊዜው በልባችን እንያዘው።

ቀጥለው የመጡት ዓመታት በድል የተሞሉ ናቸው፤ እ.ኤ.አ በ1961 ብቻ በአቴንስ፣ በኦሳካ እና በኮሺሴ አሸንፏል። በ1955 ዓ.ም በቦስተን 5ኛ ኾኖ ጨረሰ። ወደ ቶኪዮ የሚደረገው ዝግጅት ሊጠናቀቅ ሲል መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ቶኪዮ ላይ ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከ4 ደቂቃ በላይ ጥሎት ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ኾነ።

ያን ዕለት ተመልካቹን ያስደነቀው ከመስመሩ ካለፈ በኋላ የኾነው ነው። ሌሎች እየተዝለፈለፉ ሲወድቁ፣ አበበ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ሽቅብ እያነሳ የሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴ መሥራት ጀመረ። ብዙዎች እንደ ትርኢት አዩት። የአካል ማጎልመሻ ትምህርትን ለቀመሰ ሰው ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ከከባድ ሩጫ በኋላ ጡንቻን ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ ከልምምዱ አንዱ ክፍል ነው፤ አበበም ዓለም እያየው የተማረውን ሠራ። በነገራችን ላይ የሙዚቃ ጓዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላወቀ የጃፓንን ተጫውቷል።

በሜክሲኮ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም፣ በእግሩ ጉዳት የተነሳ ሩጫውን አጋማሽ ሳይደርስ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ የመቀባበል ያህል ነበር፤ ማሞም በዚያው በክብር ዘበኛ ያደገ ሯጭ ነውና።

አምስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት፣ አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከውስጧ አልወጣም። የአንገቱ አጥንት ተጎድቶ እጅና እግሩ መታዘዝ አቆሙ። ከሳምንት በኋላ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ።

ሆስፒታሉ በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በዚያ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በአከርካሪ ጉዳት የሚሰቃዩ ሰዎችን በስፖርት ጭምር ያክም ነበር። ቀስት መወርወር የትከሻና የክንድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ሚዛንንና የእጅ ቅልጥፍናን ይመልሳል። እ.ኤ.አ በ1948 በሆስፒታሉ ግቢ የጀመረው ትንሽ ውድድር አድጎ ነበር ከ12 ዓመት በኋላ ሮም የደረሰው። እነሆ አበበ፣ በሮም ጎዳና ከዓለም ሁሉ የቀደመው ሰው፣ እነዚያ ተወዳዳሪዎች በተነሱበት ትምህርት ቤት ገባ።

እንደ ገና ጀማሪ ተማሪ ኾነ። በስምንት ወር ሕክምና የእጆቹን እንቅስቃሴ መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በ1962 ዓ.ም በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ የተንሸራታች ጋሪ ውድድር አሸነፈ፤ በረዶ ለማያውቅ የሸዋ ደጋ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በእኛ ገጠር አካሉ የተጎዳ ሰው ጥግ ይዞ እንዲቀመጥ በሚጠበቅበት በዚያ ዘመን፣ የአገሪቱ ታላቅ ሯጭ በወንበር ተቀምጦ ለውድድር መውጣቱ በራሱ ዜና ነበር። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከቶኪዮው ድል ይልቅ ብዙ ጽናት የጠየቀው ይህ ነው።

በ1964 ዓ.ም መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ኾኖ ተገኘ። ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ ሄዶ አበበን ጨበጠው።

ከዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም፣ በአደጋው መዘዝ በተከሰተ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። ባለቤቱን የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆቹን ትቶ ሄደ። የሐዘን ቀን ታወጀ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ጭምር፣ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ሸኘው። በመንገዱ ሲያልፍበት ጥሎት የሄደው የአክሱም ሐውልት ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም ነው።